«አንድ ሰው የቀረው!»፦ የሥራ ቤት የውስጥ ቋንቋ ለጀማሪዎች

ጠዋት ዳንግላ መናኸሪያ የባህር ዳሩ ሚኒባስ በር ላይ የቆመው ረዳት «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል። እውነትም ወንበሩ ሁሉ ተይዞ ክፍት የሆነው አንድ ብቻ ነው። አንዲት እናት ዘንቢላቸውን አቅፈው ይገባሉ። ሒሳብ ከፍለው አረፍ ከማለታቸው ሁለት ወጣቶች «ውሃ ገዝተን እንምጣ» ብለው ይወርዳሉ። ሌላው ስልክ እያናገረ ይከተላቸዋል፤ አራተኛው ምክንያትም አያቀርብም። መጨረሻ ተሳፋሪ ነኝ ያሉት እናት ገና ያልሞላ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው ይቀራሉ። የወረዱት ተሳፋሪዎች አልነበሩም። ቀጥሎ የሚጫነውን መኪና ሊያሟሙቁ ሄደዋል።

ይህን ትርኢት ያልቀመሰ መንገደኛ የለም። ረዳትነት በቅርቡ የጀመረ ልጅ ግን ከበሩ ወዲያ ማዶ ሆኖ ነው የሚያየው። ማን ከፋይ፣ ማን አሟሟቂ እንደሆነ በጥቅሻና በአንድ ቃል ይነገረዋል፤ ቃሏን ካልያዘ ያን ቀን የአሟሟቂውን ሒሳብ ሊቀበል እጁን ይዘረጋና መሳቂያ ይሆናል።

ምክሬ ለእሱና ለመሰሎቹ ነው፤ ለደላላው፣ ለከሰል ጫኙ፣ ለባጃጅ ሾፌሩ፣ ለጋራዥ ተለማማጁ፣ ለአስተናጋጇ፣ ከትምህርት ጎን የምትሠራውን ሥራ ለምትፈልገው የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ። የሥራ ቤት የውስጥ ቋንቋ መማር ግድ ነው፤ ያለ እሱ ሥራ አይለመድም። ቃሎቹ ሁሉ ግን እኩል አይደሉም። አንዳንዱ ከአደጋ ያድናል፣ አንዳንዱ ወህኒ ያስወርዳል፤ ሁለቱንም የሚያስተምራችሁ ደግሞ ያው አንድ አለቃ ነው።

ለዚህ ጉዳይ ከሬስሊንግ ሰዎች የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። እንጅባራም ሆነ ዳንግላ ጆን ሲናንና አንደርቴከርን እያየ ያላደገ ጎረምሳ ጥቂት ነው፤ «የምር ነው፣ የምር አይደለም» ብሎ ያልተጨቃጨቀም እንዲሁ። ነገሩ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ከከተማ ከተማ ከሚዞሩ የትርኢት ድንኳኖች ጋር የተያያዘ ነው። ታጋዩ መድረክ ላይ ወጥቶ «የሚገጥመኝ ይምጣ፣ ለቆመልኝ ገንዘብ አለው» ይላል። ከሕዝቡ መሀል ደረቱን ነፍቶ የሚወጣው ሰው አንዳንዴ የራሳቸው ሰው ነበር፤ የዳንግላው አሟሟቂ ወንድም በሉት። እነዚህ ሰዎች በባዕድ ፊት የሚነጋገሩበት ቃል አስፈለጋቸውና ፈጠሩ። አስቀድሞ የተቀናበረው «ዎርክ» ነው፤ ያልተቀናበረው፣ የምሩ «ሹት»። ሁሉን አምኖ የሚከፍለው «ማርክ»፣ የነቃው «ስማርት»። እኛ ፋራና አራዳ የምንላቸው ናቸው። የምስጢሩ ሕግ ስሙ «ኬይፌብ» ነው። ባዕድ ሰው ወደ ልብስ መቀየሪያው ሲገባ አንዱ ይህን ቃል ጣል ያደርግ ነበር፤ ያን ጊዜ ወዳጆች ጠላት ይሆኑ፣ ደህናው ያነክስ ነበር።

ከቃሎቻቸው ሁሉ ለአገው ምድር ሰው የሚጥመው ግን የድንቹ ነው። በሬስሊንግ ምት መምሰል እንጂ ማረፍ የለበትም። ቸልተኛ ሆኖ የባልደረባውን ጭንቅላት የምር ያገኘ ሰው «ፖቴቶ» ሰጠ ይባላል፤ ድንች ማለታቸው ነው። የተመታውም ዝም አይልም፤ ትንሽ ቆይቶ አንድ የምር ምት ይመልሳል። ይህ ምላሽ «ሪሲት» ይባላል፤ ደረሰኝ። የባንጃ ገበሬ ስንት ኩንታል ድንች ሸጦ ደረሰኝ ሳያይ ይኖር ይሆናል፤ እነዚያ ዘንድ ግን ድንች የሰጠ ደረሰኙን ሳይቀበል አያድርም። ቀልድ ይመስላል እንጂ ውስጡ ያለው ሕግ ከባድ ነው። ወደ ላይ ተነሥቶ መሬት የሚጣለው ሰው አንገቱን ለሚጥለው ሰው አምኖ ሰጥቷል።

ሌላም ምልክት አላቸው፤ በቃል እንኳ አይነገርም። ዳኛው ሁለት ክንዱን ከራሱ በላይ አጠላልፎ ኤክስ ከሠራ፣ መሬት ላይ ያለው ሰው የምር ተጎድቷል ማለት ነው። ሐኪም ይጠራል፤ ትርኢቱም ብዙ ጊዜ በዚያው ይቆማል። ቁስል የሚመስል ነገር ሁሉ የማስመሰያ በሆነበት ቦታ የምሩን የሚለይ ምልክት ባይኖር ስንቱ በጭብጨባ መሀል በሞተ ነበር።

እኛም ብንሆን በውስጥ ቋንቋ ድሆች አይደለንም። አዝማሪዎች ሰሚው ፊት ተቀምጦ እርስ በርስ የሚግባቡበት የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ነጋዴዎችም ነበራቸው። ዎልፍ ሌስላው የተባለው የሴም ቋንቋዎች ተመራማሪ የነጋዴዎቹን እ.ኤ.አ. በ1949፣ የአዝማሪዎቹን በ1952 ጽፎ አሳትሟል፤ በ1964 ደግሞ በኢትዮጵያ የውስጥ ቋንቋዎች ላይ መጽሐፍ አወጣ። ዛሬ ከተሜው ሁሉ የሚናገረው የአራዳ ቋንቋም ስሙን ያገኘው ከገበያ ሰፈር ነው። አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ነበር፤ ጣሊያን ገበያውን ወደ መርካቶ ቢያዛውረውም ስሙ ከልጆቹ አፍ አልወረደም። ሾፌሮች አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ሲሉ የጀመሩት በመካከላቸው ነበር፤ አሁን አያቶችም ይሉታል።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ።

አዲስ ሥራ ስትጀምሩ መጀመሪያ የምትማሩት ከአደጋ የሚያድነውን ቃል ይሁን። አራዳ ለመምሰል የሚቸኩል ጀማሪ ከስድቡና ከቀልዱ ይጀምራል፤ ይህ የተለመደ ስህተት ነው። ፋግታ ለኮማ ውስጥ አዲስ ቅዳም አካባቢ ከዲከረንስ ዛፍ የከሰለው ከሰል በማዳበሪያ ሆኖ አይሱዙ ላይ ሲጫን ቆማችሁ ተመልከቱ። አንዱ ከታች ያቀብላል፣ አንዱ ከላይ ይደረድራል፣ ሌላው ገመድ ይወጥራል። ጭነቱ ከፍ ባለ ቁጥር የላዩ ሰው የታቹን አያየውም፤ ያላቸው ድምፅ ብቻ ነው። «ያዝ» ማለት አሁን እየለቀቅኩት ነው ማለት ነው ወይስ ገና ልለቀው ነው? «በቃ» ሲባል የሚቆመው ወጣሪው ነው ወይስ አቀባዩ? ነባሮቹ ይህን አይነጋገሩበትም፤ አብረው ስለከረሙ በድምፁ አወጣጥ ይግባባሉ። ከሌላ ቡድን የመጣ ሰው ግን ያንኑ ቃል ለሌላ ትርጉም ለምዶት ሊሆን ይችላል። ማዳበሪያው ጭንቅላቱ ላይ ካረፈ በኋላ ቃሉን መጠየቅ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ማዳበሪያ በፊት ጠይቁ፤ ቢስቁባችሁም ጠይቁ።

የረዳቱም ነገር ያው ነው። መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ የመኪናውን ገላ መታ መታ አድርጎ ማቆምና ማስኬድ አለ። የምቱ ቁጥርና ትርጉሙ ከሾፌር ሾፌር ይለያያል። አዲስ ሾፌር ጋር በተመደባችሁ ቁጥር፣ ስለ ደሞዝ ከመነጋገራችሁ በፊት ባይሆንም፣ ከመነሣታችሁ በፊት «ስንት ስመታ ትቆማለህ?» በሉት። ዳገት ላይ «ታኮ!» ሲል ደግሞ ጥያቄ የለም፤ እንጨቱን ጎማ ሥር መወተፍ ነው።

የጋራዥ ተለማማጆች ሌላ ጣጣ አለባችሁ፤ የመሣሪያው ስም ግማሽ በግማሽ ጣሊያንኛ ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጊያ፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ። አለቃው መኪና ሥር ተኝቶ እጁን ብቻ ዘርግቶ «ፒንሳ!» ይላል፤ ካቻቢቴ ያቀበለ ልጅ ያን ቀን ምሳውን ከስድብ ጋር ይበላል። ስልካችሁ ላይ ስሙንና ፎቶውን አስቀምጡ። ማታ ቤት ገብታችሁ ብታዩት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከምሩቁ መካኒክ እኩል ትጠራላችሁ። ከቴክኒክና ሙያ የመጣው ልጅ ስሙን በእንግሊዝኛ ያውቀው ይሆናል፤ እሱም ቢሆን ዳንግላ ጋራዥ ሲገባ እንደ አዲስ መማሩ አይቀርም።

ከዚህ ጎን ለጎን እያንዳንዱ የሥራ ቡድን የራሱ ኤክስ ሊኖረው ይገባል። የኛ የሥራ ቦታ ቀልድ የሞላበት ነው፤ «ኧረ ሞትኩ!» የሚል ጩኸት በቀን ስንቴ ይሰማል፣ ማንም ዘወር አይልም። ስለዚህ ቀልድ የማይገባባት አንድ ቃል ምረጡ። የቡድኑ አለቃ ከሆናችሁ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት «ይህች ቃል ከተጠራች ሁሉም እጁን ያነሣል፣ በእሷ የቀለደ ያን ቀን አይሠራም» በሉ። ይህ ምንም ወጪ የለውም። ባለሥልጣን እስኪያዝዘው መጠበቅም አያስፈልግም።

አሁን ወደሚያጣላው እንምጣ። ምስጢሩን ከማን ነው የምንደብቀው?

«ትርፍ፣ ጎንበስ በሉ!» የሚለውን ጩኸት ውሰዱ። ከፊት ትራፊክ ቆሟል፤ ከእንጅባራ ወዲህ ሲመጣ የነበረ ሌላ ሾፌር መብራት አብርቶ አጥፍቶ አስቀድሞ ነግሯል። በወንበሮቹ መሀል የተደረደሩት ትርፍ ተሳፋሪዎች ያጎነብሳሉ፣ የተቀመጡት ነጠላቸውን ጣል ያደርጉባቸዋል፣ አንድ ሽማግሌ መስኮት መስኮቱን እያዩ የዋህ ይመስላሉ። ሬስለሮች ቢያዩት የሚቀኑበት ቅንብር ነው። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይተውናል፤ የማያውቀው ትራፊኩ ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን አንዳንዴ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጨዋታ ያየዋል፤ ተሳፋሪው ራሱ ተስማምቶ የለም ወይ ይላል። እኔ ግን ረዳት ሆኖ ለሚሠራ ወንድሜ የምለው ሌላ ነው። ያጎነበሰ ሰው የሚይዘው ነገር የለውም። ፍሬን በድንገት ከተያዘ መጀመሪያ የሚወረወረው እሱ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መኪናው ውስጥ ክንዱን አጠላልፎ ትርኢቱን የሚያስቆም ዳኛ የለም። «አጎንብሱ» ያለው አፍ የማን እንደነበር ግን ሁሉም ያስታውሳል። ባለንብረቱ ትርፍ ጫን ብሎ ካስገደዳችሁ ሌላ መኪና ፈልጉ። መፈለጉ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ፈልጉ።

የሚከፍለው ሰው ትርኢት መሆኑን ያውቃል? የውስጥ ቃል በተነገራችሁ ቁጥር ራሳችሁን ይህን ጠይቁ። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ «ጌታዬ» እያለ ሲያወድሰው እንግዳው ውዳሴው ለሽልማት መሆኑን ያውቃል፤ ራሱም ግጥም እየሰጠ «ተቀበል» ይላል። አዝማሪው ከጓደኛው ጋር በውስጥ ቋንቋ ቢያወራ ማንም አይከስርም። የዛሬ የሬስሊንግ ተመልካችም ያውቃል። ከተጫዋቾቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ «የውሸት ይመስለኛል» ያለውን የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ በጥፊ እያጣደፈ ምስጢሩን ሊያስከብር ሞክሮ ነበር። በ1989 ግን ትልቁ የሬስሊንግ ኩባንያ ራሱ ለኒው ጀርሲ ምክር ቤት «የኛ ሥራ መዝናኛ እንጂ እውነተኛ የስፖርት ውድድር አይደለም» ብሎ አመነ። ያመነው ኅሊናው ስለወቀሰው አልነበረም፤ ከስፖርት ኮሚሽኑ ቁጥጥርና ከግብሩ ለመገላገል ነው። ይፈርሳል የተባለው ንግድ ከዚያ በኋላ ይበልጥ ሰፋ። ሰው ትርኢት መሆኑን እያወቀ ይከፍላል፤ ሲሞኝ እንጂ ሲዝናና አይቆጣም።

ሌላኛው ጫፍ ሿሿ ነው። ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ ሁሉ ይህን ቃል ከዳንግላ ሳትወጡ እወቁት። ታክሲ ውስጥ የተቀመጡት በሙሉ አንድ ቡድን ናቸው፤ ባዕዱ እናንተ ብቻ ናችሁ። «በሩን ሳበው»፣ «ወዲህ ጠጋ በል»፣ «ዕቃህን አንሣ» እያሉ ያዋክቧችኋል። ከዚያ ሰበብ ይፈጠርና «ውረድ፣ በሌላ ሂድ» ትባላላችሁ። መኪናው ሲርቅ ኪሳችሁን ትዳብሳላችሁ፤ ስልኩ የለም። «ሿሿ ተሠራሁ» የሚባለው ይህ ነው። የዳንግላው አሟሟቂና የአዲስ አበባው ሿሿ በጉዳት መጠን እኩል አይደሉም፤ የእናትየው ጊዜ ነው የተወሰደው፣ የሥራ ፈላጊው ግን ንብረት። የአሠራራቸው ሥር ግን አንድ ነው፤ በሁለቱም ከፋዩ ብቻውን ነው የማያውቀው።

በዚህ በኩል ሕጉም ዝም አላለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 የማይገባ ጥቅም ለማግኘት ሐሰት ተናግሮ፣ ወይም መግለጥ የሚገባውን ደብቆ፣ ወይም የሌላውን የተሳሳተ እምነት ተጠቅሞ ንብረቱን የሚጎዳ ነገር ያስደረገን ሰው አታላይ ብሎ ይቀጣል፤ እንደ ክብደቱ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። «እኔ የታዘዝኩትን ቃል ነው ያልኩት» የሚል ጀማሪ እነዚህን ሁለቱን ልብ ይበል።

ደላሎች ይህን ስታነቡ ፊታችሁ እንደሚጨልም አውቃለሁ። የደላላ ሥራ ክቡር ሥራ ነው፤ ገዢና ሻጭ የሚያገናኝ ከሌለ ገበያ የለም። ነገር ግን የከብት ገበያ ውስጥ የሚሆነውን ሁላችንም እናያለን። ገበሬው በሬውን ይዞ ቆሟል። አንዱ ይመጣል፣ በሬውን ጎኑን ዳብሶ፣ ጥርሱን ገልጦ፣ አንገቱን ነቅንቆ ዋጋውን ወደ መሬት ጥሎት ይሄዳል። ሁለተኛው ይመጣና ከዚያም ዝቅ ያደርጋል። ሦስተኛው ሲመጣ ከሁለቱ ትንሽ ከፍ ያለ ዋጋ ይጠራል፣ «ለአንተ ስል ነው» ይላል፣ ቀብድ ያወጣል። ገበሬው እፎይ ብሎ ገመዱን ያስረክባል። ከሰዓት በኋላ ሦስቱ አንድ ሻይ ቤት ናቸው።

ከሬስለሮቹ መሀል በዚሁ የተጋለጡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1987 የኒው ጀርሲ ፖሊስ አንድ መኪና አስቁሞ ሲፈትሽ፣ በመድረክ ላይ ደም የተቃቡት ጂም ደገንና አይረን ሺክ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተገኙ። አደንዛዥ ዕፅም ተያዘባቸው። አድናቂውን ያስደነገጠው ግን ዕፁ ሳይሆን አብረው መሄዳቸው ነበር። ኩባንያውም ሁለቱን አሰናበተ። ገበሬውም እንዲሁ ነው፤ በሬውን አርክሶ መሸጡን ይረሳል፣ ሦስቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያየ ቀን ግን አይረሳም። ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲመለስ ለአንከሻ ለዚገም ዘመዱ ሁሉ ይነግራል፤ የስልክ ዘመን ነውና ከመድረሱ በፊት ነግሮ ጨርሷል።

ስለዚህ ለጀማሪ ደላላ፦ ገና ስትተዋወቁ «እኔ ደላላ ነኝ፤ ከተሸጠ ከዚህ ወገን ይህን ያህል እወስዳለሁ» በሉ። ነባሮቹ «ገበያ ታበላሻለህ» ይሏችኋል፤ ይበሉ። ከገዢም ከሻጭም የምትቀበሉ ከሆነ ሁለቱም ይወቁት። የዋጋ መነጋገሪያ ምልክት መኖሩ በራሱ ነውር አይደለም። በምሥራቁ የሀገራችን ክፍል የግመል ነጋዴዎች እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው በጣት ይደራደራሉ፤ ዋጋው ከአላፊ አግዳሚው ይሰወራል እንጂ ከተደራዳሪዎቹ አይሰወርም፤ ጣቱን የያዘው ራሱ ገዢው ነውና።

የአውኝ ነገርም እዚህ ላይ ይነሣል። እንጅባራ ገበያ ሻጭና ደላላ አማርኛ ሲያወሩ ቆይተው ዋጋው ጠበቅ ሲል ወደ አውኝ ይሻገራሉ። በገዛ ቋንቋ መነጋገር መብት ነው፤ ማንም ይቅርታ ሊጠይቅበት አይገባም፤ አውኝ ደግሞ የሚኮራበት እንጂ የሚደበቁበት ቋንቋ አይደለም። ግን መሀል ቆሞ የማይሰማው ገዢ ስለ እሱ እንደሚወራ ይገባዋል። «ተመካክረን ነው፤ እሱ ከዚህ አልወርድም ይላል» ብሎ በአማርኛ መንገር የሚፈጀው የአንድ አፍታ ጊዜ ነው፤ ጥርጣሬውን ግን ይነቅለዋል። ደግሞም አማርኛ የሚናገር ሁሉ አውኝ አይሰማም ብላችሁ አትመኑ። ዳንግላ ላይ ሁለቱንም ተናግሮ ያደገው ብዙ ነው። ሳቅ ብሎ በአውኝ የመለሰላችሁ ቀን የምትገቡበት ይጠፋችኋል።

በደንበኛ ፊት ስለ ደንበኛ ማውራት በአጠቃላይ ሊቀር የሚገባ ልማድ ነው። ምግብ ቤት ውስጥ «አንድ ሽሮ ፈሰስ! ክትፎ ለብለብ!» ብሎ ወደ ማድ ቤት መጮኽ ሥራ ያፋጥናል፤ ደንበኛውም ይረዳዋል። «ያቺ ጥግ ላይ ያለችው» ብሎ በውስጥ ቃል መቀጣጠር ግን ሌላ ነው። ሴት አስተናጋጆች ይህን በሁለት በኩል ይቀምሱታል፤ በወንድ ባልደረቦቻቸው ቃል ስለ ሴት እንግዳ ሲወራ ይሰማሉ፣ እንግዶችም ስለ እነሱ ያወራሉ። እህቴ፣ እንዲህ ያለውን ቃል ባልደረባሽ ሲናገር እየገባሽ እንዳልገባሽ ሆነሽ አትሳቂ። «ምን ማለት ነው?» ብለሽ ጮክ ብለሽ ጠይቂው። ሲተረጉመው ራሱ ያፍራል፤ ካላፈረ ደግሞ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ቶሎ አወቅሽ።

ስለ ጀማሪ ፈተናም ትንሽ ልበል። የሌለ መሣሪያ አምጣ ብሎ ከጋራዥ ጋራዥ መላክ፣ የውሸት ቃል አስተምሮ ደንበኛ ፊት ማስባል፤ ይህ ፉገራ በየሥራ ቤቱ አለ። አንድ ጊዜ ሲሆን አብራችሁ ሳቁ፤ መሳቅ መግባቢያ ነው። ከባድ ዕቃ፣ ኤሌክትሪክ ወይም ተሽከርካሪ ባለበት ከሆነ ግን አትሳቁ። ያ የሬስለሮቹ ድንች ነው፤ እንደነሱ ደረሰኝ ልመልስ ካላችሁ ደግሞ ሁለት የተጎዳ ሰው ይኖራል። ለአለቃ ንገሩ። አለቃው ራሱ ቀላጁ ከሆነ፣ ያ ቡድን ኤክስ እንደሌለው ገብቷችኋል ማለት ነው።

በመጨረሻም በየዓመቱ ስለሚያገኛችሁ አጋጣሚ። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ ሲከበር ከተማዋ በእንግዳ ትጨናነቃለች። ጉግሱንና ሸርጡን ሊያይ ከሩቅ የመጣው ሰው የባጃጅ ዋጋ አያውቅም፣ አልጋ ፍለጋ ይንከራተታል፣ ለሥራ ቤቱ ቋንቋ ሁሉ ባዕድ ነው። በዚያ ሳምንት በየተራ ማስከበሪያው «እንግዳ ነው፣ ጫንበት» የሚል ምልክት መዘዋወሩ አይቀርም። ባጃጅ የምታሽከረክሩ ታሪፋችሁን በትልቁ ጽፋችሁ ከፊት መስታወቱ ላይ ለጥፉ፤ ከመናኸሪያ እስከ በዓሉ ሜዳ ይህን ያህል፣ ወደ ዘንገና ሐይቅ ደርሶ መልስ ይህን ያህል። የአልጋ ደላሎችም የእናንተ ኮሚሽን አልጋው ዋጋ ውስጥ ይግባ አይግባ በሩ ላይ ንገሩ። ስልክ ቁጥራችሁንም ስጡ፤ እንግዳው በማግስቱ ወደ ባህር ዳር ወይም ወደ ቻግኒ ሲሄድ የሚደውለው ለዚያ ቁጥር ነው።